ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር

ለአዲስ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን፣

ደሴ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ውሃ አፈላሁ። ሰሌዳው ላይ ቀድሜ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሃው ተንተከተከ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ጠጋ ብላ አነበበችና «ቲቸር፣ 92 ነው» አለችኝ። ጠበቅን። ንቅንቅ አላለም። ምን ብል ጥሩ ነው? «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ 100 ብላችሁ ጻፉ።» ጻፉ።

ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ወርደን ብንሞክረው 94 አካባቢ ባነበብን ነበር። ሽምብራ ደሴ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው። የዓመቱ ምርጥ ትምህርት በእግሩ መጥቶልኝ እኔው አባረርኩት።

ዕቅድ አልነበረህም እንዳትሉኝ። ዓላማው፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ደቂቃው፣ ሁሉም ተሞልቷል፤ ተፈርሞበታልም። ማታ ቤቴ ግን ውሃውን አፍልቼ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩትን ሙከራ ይዤ ክፍል አልገባም።

ሒሳብም ላይ ያው ነው፤ እዚያ ቀድማችሁ የምትሞክሩት የልጁን ስህተት ነው። ከ1/4 እና ከ1/8 የቱ ይበልጣል ስትሉ ብዙዎቹ 1/8 ይሏችኋል። 8 ከ4 ይበልጣላ! «ታህቱ ሲበልጥ ክፍልፋዩ ያንሳል» ብላችሁ ብታስጽፏቸው ይሸመድዱታል። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ አንድ ድፎ ዳቦ ለ4 ሰው ከሚቆረስበት ቤትና ለ8 ሰው ከሚቆረስበት ቤት የቱ ጋ ብትጋበዙ ይሻላችኋል? ከዚያ ዝም እላለሁ። ይከራከሩ። ወረቀት አጥፈው ይቅደዱ፣ ደራርበው ያስተያዩ። ከ40 ደቂቃው 15ቱን ቢበላ አይቆጨኝም።

ሁሉም የገባቸው ሲመስላችሁ 3/8 እና 1/4ን ጻፉላቸው። ሽምደዳው የያዘው ልጅ 1/4 ይበልጣል ይላል። ይህችን ጥያቄ ዕቅዳችሁ ላይ ቀድማችሁ አስፍሯት፤ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲያስቡት አይመጣም።

መርጃ መሣሪያ የለም የሚባለውን ብዙ አልሰማም። ቆርኪ አለ፣ ጠጠር አለ፣ የማሽላ አገዳ አለ።

ሙከራው እንዳሰባችሁት ባይሆንስ? አብሽሩ። «እኔም አላወቅኩትም፣ አጣርቼ እመጣለሁ» በሉ። ያቺን ልጅ ከዓመታት በኋላ ፒያሳ አገኘኋት። አድጋለች፣ ልጅ አዝላለች። ሰላምታውን ሳንጨርስ ሳቅ እያለች «ቲቸር፣ ያ ቴርሞሜትር ተሠራ?» አለችኝ።