ስክሪኑ 165 ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ ያገለገለ ባለ 27 ኢንች የጌም ሞኒተር ገዛሁ። 2560 በ1440 ነው፣ እስከ 165 ኸርዝ ይሄዳል። 60 ላይ ምንም ችግር የለበትም። 165 ላይ ሳደርገው ግን ጌም መሃል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋና ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። ኬብሉ ዲስፕሌይፖርት ነው፣ 5 ሜትር ይሆናል። ኮምፒውተሩን ራቅ አድርጌ ያስቀመጥኩት ድምፁ ስለሚረብሸኝ ነው። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ‹2.1 ካልገዛህ አይሆንም› ብለው በጣም ውድ ኬብል አሳዩኝ። ልግዛው? ወይስ ሞኒተሩ ነው የተበላሸው?»

ወንድሜ፣ ሞኒተርህ ደህና ይመስለኛል። ውዱንም ኬብል አትግዛ። እኔ የምጠረጥረው 5 ሜትሩን ነው።

መጀመሪያ ስክሪንህ የሚፈልገውን እናስላ። 2560 በ1440 ስታባዛ 3,686,400 ነጥብ ይመጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 24 ቢት ይይዛል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 165 ጊዜ ይላካል፤ 165 ኸርዝ ማለት ይህ ነው። ስታባዛው 14.6 ቢሊዮን ቢት ገደማ ነው። በምስልና በምስል መካከል ያለው ክፍተት ሲጨመርበት ወደ 16 ጊጋቢት (ቢሊዮን ቢት) በሰከንድ ይጠጋል። እንግዲህ ያንተ ልክ ይህ ነው።

አሁን መንገዱን እንይ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲስፕሌይፖርት 1.2 እንኳ ለምስል 17 ጊጋቢት ገደማ ያሳልፋል። ጠበብ ይላል እንጂ ይበቃሃል። በ2016 የወጣው 1.4 ደግሞ 26 ገደማ ያደርሳል፤ ለሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች ለእያንዳንዳቸው ከ8 ቢት ወደ 10 ብታሳድግ እንኳ አይጨንቀውም። ስለዚህ የሚያስፈልግህ 1.4ን በደንብ የሚሸከም ኬብል ነው።

«2.1» የምትለዋ ቁጥር ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ እያስወጣች ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይህን ቁጥር የሚጋሩት። አንዱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው፤ በ2017 ወጣ፣ እስከ 48 ጊጋቢት ይሄዳል። ሌላው ዲስፕሌይፖርት 2.1 ነው፤ በ2022 ወጣ፣ ትልቁ ደረጃው 80 ይደርሳል። ሶኬታቸውም አይገጥምም። ሻጩ «2.1» ሲልህ የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው። ከዚያ ደግሞ ሞኒተርህ ጀርባ ላይ ያለው ሶኬት 1.2 ወይም 1.4 ከሆነ፣ የ80 ጊጋቢት ኬብል ብትሰካበትም ያው ነው። ኬብል ፍጥነት አይጨምርም። የተሰጠውን ያደርሳል፣ ወይም መንገድ ላይ ያጠፋዋል።

ያንተ ኬብል እያጠፋው ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ በመዳቡ ውስጥ ቶሎ ይዳከማል። ሽቦው ሲረዝምና ሲቀጥን ይብሳል። ሞኒተሩ የመጣለትን ማንበብ ሲያቅተው ከግራፊክስ ካርዱ ጋር እንደ አዲስ ይነጋገራሉ። ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነው በዚያች ሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት ለተራ የመዳብ ዲስፕሌይፖርት ኬብል ከ2 ሜትር ባትበልጥ ይሻልሃል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ሞክር። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኸርዙን ወደ 120 አውርደውና አንድ ምሽት ተጫወትበት። መጥፋቱ ካቆመ ጥርጣሬው ኬብሉ ላይ ይጠነክራል። ከዚያ ከጓደኛህ አጭር ኬብል ተውሰህ ወደ 165 መልሰው። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም። በነገራችን ላይ ኬብሉ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን አይተሃል? ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው «ጌሙ ይንቀራፈፋል» እያሉ የሚመጡ ብዙ ናቸው።

ስትገዛ እንግዲህ 1.5 ወይም 2 ሜትር ይሁን። ሳጥኑ ላይ «8ኬ» መባሉን እርሳው፣ ያንን ማንም ያትመዋል። ጫፉ ወርቅ መቀባቱም ምስሉን አያሳምረውም። ይልቅ ኬብሉን በጣትህ ያዘው። እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ተወው። አንዳንዱ ልባሱ ላይ ከኤደብሊውጂ (AWG) ፊደሎች አጠገብ ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ 28 ከ32 ይሻላል። ለፕሌይስቴሽን 5 ኤችዲኤምአይ የምትፈልጉ ደግሞ ሳጥኑ ላይ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ምልክት ከኪውአር ኮድ ጋር ፈልጉ። ኮዱን በስልክ ስካን አድርጋችሁ ትክክለኛ መሆኑን ማጣራት ይቻላል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ኬብል ካላችሁ ግን እሱ ራሱ በቂ ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሱቅ ብዙ ነው። ከመክፈልህ በፊት ተነጋገር። ‹ቤት ወስጄ በ165 ልሞክረው፣ ካልሠራ እመልሳለሁ› በለውና ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። እምቢ ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገርህ። ስታዲየም አካባቢ ስሠራ አንድ ደንበኛ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር አመጣልኝ። እኔ ጋ ስሰካው ይነሳል። ቤቱ ሲወስደው እምቢ ይላል። ራሙን ቀያየርኩ፣ ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ «ሞኒተሩንም ኬብሉንም ይዘህ ና» አልኩት። ኬብሉን ስነቅለው ኮምፒውተሩ ተነሳ! የዲስፕሌይፖርት 20ኛው ፒን 3.3 ቮልት የሚወጣበት ነው። በተራ ኬብል ውስጥ ከጫፍ ጫፍ መገናኘት የለበትም። በርካሽ የተሠሩት ያገናኙታል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ ከሞኒተሩ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ተመልሶ ይገባል። ያንን ሰው በከንቱ ስላመላለስኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ማንኛውንም አዲስ ኬብል መጀመሪያ በመልቲሜትር እለካዋለሁ። አንተ መልቲሜትር ከሌለህ፣ ከመብራት የነቀልከው ኮምፒውተር ሞኒተሩ ሲበራ ካርዱ ላይ መብራት ካሳየ፣ ያንን ኬብል ወዲያው አውጣው።

የኛን ቤቶች መብራት የሚመለከት ሌላም አለ። ብዙ የግድግዳ ሶኬት ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) የለውም። የኮምፒውተሩን ኬዝ ስትነካ ትንሽ የሚነዝርህ ለዚህ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ በኩል ከ220ው ቮልት ግማሽ ገደማ ኬዙ ላይ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አንተን ላይጎዳ ይችላል፣ የኬብል ሶኬት ውስጥ ያለውን ስስ ቺፕ ግን ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ የተቃጠሉ ኤችዲኤምአይ ሶኬቶች አይቻለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ከአንድ ስታቢላይዘር አስገባ፣ የምስሉን ኬብል ስትሰካና ስትነቅል ሁለቱንም ከመብራት ንቀላቸው። ከተቻለ ኤሌክትሪሻን ጠርተህ ግራውንድ አስገባ። የዲስፕሌይፖርት ጫፍ ብዙ ጊዜ መቆለፊያ አለው፤ ተጫነውና ሳብ። በጉልበት ከሳብከው ሶኬቱን ይዞ ይመጣል።

የኮምፒውተሩ ድምፅ ካስቸገረህ ኬዙን ከጠረጴዛው ሥር አስገባውና ውስጡን ከአቧራ አጽዳው። አቧራ የሞላው ፋን ነው ብዙ የሚጮኸው። 5 ሜትር ርቀት የግድ ነው ካልክ ምስሉን በብርሃን የሚያስተላልፍ የፋይበር ኬብል አለ። ውድ ነው፣ አቅጣጫም ስላለው ምንጭና ስክሪን ተብሎ የተጻፈበትን ጫፍ አታምታታ።

አጭሩን ኬብል ሰክተህም መጥፋቱ ከቀጠለ ሌላ ኬብል አትግዛ። ሞኒተሩን የጓደኛህ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ኬብል በ165 ሞክረው። እዚያም ከጠፋ የሞኒተሩ ሶኬት ሊሆን ይችላልና ሞኒተሩን ይዘህ ወደ ባለሙያ ሂድ። እዚያ ደህና ከሠራ ግን የግራፊክስ ካርድህን ሌላኛውን የዲስፕሌይፖርት ሶኬት ሞክርና ውጤቱን ጻፍልኝ።