የካውቦይ ቢባፕ ሙዚቃና የድብድብ ትዕይንቶቹ
ውድ ጠያቂ፣ በካውቦይ ቢባፕ የድብድብ ትዕይንቶች ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር እንዲህ የተዋሐደው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ዋናው ምክንያት የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 መታየት በጀመረው በዚህ ባለ 26 ክፍል የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ ፊልም)፣ አቀናባሪዋ ዮኮ ካኖ ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ ያላዘዛቸውን ዜማዎች ጭምር እየሠራች ታቀርብለት ስለነበር፣ እርሱም አንዳንድ ትዕይንቶችን ከሙዚቃው ተነሥቶ ፈጥሯል።

አምስተኛውን ክፍል ደግመው ይመልከቱት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስፓይክ ከቤተ ክርስቲያኑ ባለቀለም መስኮት ተወርውሮ ሲወድቅ የምንሰማው የከበሮ ድለቃ ሳይሆን ለስለስ ያለ የመዘምራን ድምፅ ነው፤ ውድቀቱም በዝግታ፣ ከትዝታዎቹ ጋር እየተፈራረቀ ስለሚታይ፣ የፍልሚያው ቁጣ ሁሉ ወደ ሐዘን ይለወጣል። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የአኒሜ ፍልሚያዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።