ደረጃው የሚጠፋብኝ ድምፅ ሲበዛ ነው

ጠያቂያችን የበሩን መቃን በትከሻዎ እየመቱ እንደሚያልፉ፣ ግራና ቀኝ እንደሚምታታብዎ፣ ሰው በበዛበት ቦታም ጫጫታው እንደሚያደክምዎ ገልጸው፣ ቤተሰብዎ ይህን ሁሉ «የጥንቃቄ ጉድለት ነው» ስለሚልዎ ችግሮቹ ይገናኙ እንደሆነና እንዴት አብሯቸው መኖር እንደሚቻል ጠይቀዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚሁ ጋር ስለምኖር ያየሁትን ልንገርዎ።

በእኔ ሕይወት ችግሮቹ በጥብቅ ይገናኛሉ። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው፤ አንድ ቀን በየዕለቱ የምመላለስበትን ደረጃ ስወርድ እርከኑ ያለቀ መስሎኝ ባዶ ረገጥኩና ወደቅሁ፣ ቁርጭምጭሚቴም ተጎዳ። ያንኑ ደረጃ ማለዳ ጸጥ ባለ ሰዓት ያለ ችግር እንደምወርደው ሳስታውስ ነገሩ ከነከነኝ፤ ለጥቂት ሳምንታትም የት እንደተጋጨሁ፣ በዚያ ሰዓት ምን ድምፅ እንደነበረና ምን ያህል ደክሞኝ እንደነበር በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። የወደቅሁትና የተጋጨሁት በአብዛኛው ሰው እያነጋገረኝ ወይም ስልክ እየጮኸ ሳለ ነበር።

ሰውነታችን በቦታ ላይ ያለበትን ሁኔታ የሚያውቀው በዓይን ብቻ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ግማሽ ክብ ቦዮች የጭንቅላትን መዞር ይናገራሉ፤ በጡንቻዎችና በመጋጠሚያዎች ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ደግሞ እጅና እግር የት እንዳሉ ሳናይ ያሳውቁናል፤ አእምሮም ይህን ሁሉ ከዓይን መረጃ ጋር ያቀናጃል። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያስብ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ከፊሉን በዓይኔ እየተከታተልኩና እያሰብኩ ስለምሠራው፣ ድምፅ ሐሳቤን ሲወስደው ለእርከኑ የሚተርፍ ትኩረት አይኖረኝም። ስለዚህ «ተጠንቀቂ» የሚለው ምክር አልጠቀመኝም፤ ቀድሞውኑ ከሌሎች ይልቅ እየተጠነቀቅኩ ነበርና።

አእምሮ ይህን መረጃ የሚያቀናጅበትን መንገድ የሚገልጸውን «የስሜት ሕዋሳት ቅንጅት» የተባለ ሐሳብ ያዳበሩት አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ጂን ኤይርስ ናቸው። ይሁንና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ለስሜት ሕዋሳት ከልክ በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ቢያደርገውም፣ የዚህን ቅንጅት ችግር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ አልመዘገበውም። ስለዚህ ሐኪምዎ ለችግርዎ የሕመም ስም ባይሰጡት የሚሰማዎት ነገር የለም ማለት አይደለም። ዓይንዎንና ጆሮዎን አስቀድመው ይመርመሩ፤ ችግሩ ከልጅነት የመጣ ሳይሆን በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በየዕለቱ የረዳኝ መጀመሪያ ድምፁን መቀነስ፣ ከዚያም መንቀሳቀስ ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ ስደርስ ስልኬን እዘጋለሁ፣ መደገፊያውን እይዛለሁ፤ በቤቴም በእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ሰዓቴን ዘወትር በግራ እጄ ስለማስር ግራን ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገኝም። ካርታ ስለሚዞርብኝ አዲስ መንገድ የማጠናው በቃላት ነው፦ «ሰማያዊውን በር ካለፍሽ በኋላ በሰዓቱ በኩል ታጠፊ» እያልኩ። ጫጫታ ወዳለበት ቦታ ስሄድ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ፤ መንገድ ስሻገር ግን የመኪና ድምፅ መስማት ስላለብኝ አወልቀዋለሁ። ሲደክመኝ ሁሉም ነገር ስለሚብስ፣ ብዙ ሰው ካገኘሁ በኋላ ለብቻዬ የማርፍበት ጊዜ አስቀድሜ እይዛለሁ፤ ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር ለመተው ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ለቤተሰብዎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስረዳት አይድከሙ። ደረጃ ላይ ሳሉ እንዳያነጋግሩዎት ብቻ በመጠየቅ ይጀምሩ። እኔ እህቴን ይህን ከለመንኳት ወዲህ ታች እስክደርስ ዝም ብላ ትጠብቀኝና ጨዋታዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።