ልጄን ሐኪም ቤት ብወስደው እምነቴ ጎደለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ በበዓል ከበሮ የሚመታ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ካለፈው ጥር ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኖብኛል። መዝሙሩን ትቷል። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነሳ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ምግብ ይነካካል እንጂ አይበላም። "ምን ሆንክ?" ስለው "ደክሞኛል" ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ "እኔ ባልኖር ለእናንተ ይሻላችሁ ነበር" አለኝ። አባቱ "ጥጋብ ነው" ይላል። ጎረቤቶቼ "ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ውሰጂው" ይሉኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአእምሮ ሐኪም ይየው አለችኝ። እኔ ለፍልሰታ ይዤው ገዳም ልገባ አስቤ ነበር። ሐኪም ቤት ብወስደው በእግዚአብሔር አላመንኩም ማለት ነው? ጸበሉን እምቢ ካለስ አስገድጄ ልውሰደው? ታናሽ እኅቱ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷም መጨነቅ ጀምራለች።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም በቤትዎ ይሁን። ስለ እምነት የጠየቁኝን እመልስልዎታለሁ። ግን መጀመሪያ የልጅዎን ቃል ላንሳ፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው።

"እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር" ያለው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ፍልሰታ እስኪገባ አይጠብቁ። ዛሬውኑ ሰው በሌለበት አጠገቡ ይቀመጡና በግልጽ ይጠይቁት፤ "ልጄ፣ ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?" ይበሉት። ብዙ ወላጅ ይህን መጠየቅ የሌለ ሐሳብ የሚያስገባበት ይመስለዋል። አያስገባበትም። ብቻውን ተሸክሞት ከነበረ፣ የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱ ራሱ ያቀልለታል። "አዎ" ካለዎት አይጩሁበት። "ኃጢአት እኮ ነው!" ብለውም አይጀምሩ፤ እሱንማ እርሱም ያውቀዋል፣ ሸክሙ ላይ ሸክም ነው የሚጨምሩበት። "እንኳን ነገርከኝ" ይበሉት። ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እስከዚያው የአይጥ መርዝም ሆነ ፀረ ተባይ ቤት ውስጥ ካለ ያስወግዱ። ከሳጥን ውስጥ የተጠራቀመ ኪኒንም ካለ እንዲሁ። "የለም፣ እንዲያው ነው ያልኩት" ቢልዎትም እንኳ ሐኪም ማየቱ አይቀርም፤ ከጥር ጀምሮ እንቅልፍና ምግብ የራቀው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣ አንድ አባት አለ። ልጁ በመንፈስ የተያዘ ነው፣ መጽሐፉም እንደዚያ ይላል። ጌታ ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ሳለ፣ ከመፈወሱ በፊት አባትየውን ምን ብሎ እንደጠየቀው ልብ ይበሉ፤ "ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?" አለው። አባቱም "ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው" ብሎ የልጁን ነገር ይዘረዝርለት ጀመር። እሳት ውስጥ እንደሚጥለው፣ ውኃ ውስጥ እንደሚጥለው ነገረው። ጌታ ሰማው። አንተ ምን በድለህ ነው አላለውም። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ያ ጥያቄ ይገርመኛል። መቼ ጀመረው፣ እንዴት ያደርገዋል ብሎ ወላጅን መጠየቅ ዛሬ የአእምሮ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራው ነው።

ያ አባት መጨረሻ ላይ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ። እርስዎ የጻፉልኝም ይህንኑ ነው። ጌታ የዚያን ሰው እምነት ጎዶሎ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ስለዚህ እየፈሩና እየተጠራጠሩ ቢሆንም ልጅዎን ይዘው መውጣትዎ ራሱ እምነት ነው።

ሐኪም ቤት መሄድ ከእምነት ጋር አይጣላም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እርሱ እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ቅደም ተከተሉም እዚያው አለ። ስትታመም ወደ እግዚአብሔር ጸልይ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። በእኛም ዘመን ይህ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የኤችአይቪ ሕሙማን እንጦጦ ጸበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ይጥሉ በነበረበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጋጩም ብለው በይፋ አስተምረዋል። ለደም የተባለው ለአእምሮ የማይሆንበት ምክንያት የለም። አእምሮም የሥጋችን ክፍል በሆነው በአንጎል ነው የሚሠራው፤ አንጎል ደግሞ እንደ ልብና እንደ ኩላሊት ይታመማል።

"ታዲያ መንፈስ የሚባል የለም ወይ?" ይሉኝ ይሆናል። አለ። ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፣ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ያዘነ ሁሉ፣ ያልተኛ ሁሉ መንፈስ ያደረበት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" ብሎ ሞትን ለመነ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ያወረደው ኤልያስ ነው ይህን ያለው! እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው ያቀረበለት። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና በላ። እግዚአብሔር "ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ የጠየቀው ሰውነቱ ከበረታ በኋላ ነው። ሐሳቡ የዛለ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እንቅልፍ፣ ምግብና አጠገቡ የሚሆን ሰው እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለቱንም ያድርጉ፤ ሐኪሙን ግን አያዘግዩ። በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላሉ፣ ከዚያ ሪፈር ይጽፉልዎታል። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። "አማኑኤል" ሲባል ሰው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ በሰፈር ስሙን ለስድብ የሚጠቀምበትም አለ። የአምላካችን ስም ነው፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። አያፍሩበት። ልጅዎ ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ስንቱ እንደሆነ እስቲ ያስቡት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ለልጁ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚያወራበት ጊዜ ይስጡት፤ እናቱ ፊት የማይናገረው ነገር ይኖራል። ሕክምናው ሁልጊዜ ኪኒን አይደለም፤ በንግግር ብቻ የሚረዱ ብዙ ልጆች አሉ። ኪኒን ከታዘዘም ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወትሮው በላይ ይከታተሉት፣ ባሰበት ብለው ካሰቡ ሐኪሙን ቶሎ ይንገሩ። በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት። ምግብ በልቶ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ፣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ያማክሩ። የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። ይህን ከአባ አፍ ቢሰማው ለልጁ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ አንዳንዱ ታዳጊ መጾም ስላቃተው ብቻ እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል።

ጸበሉን በተመለከተ "አስገድጄ ልውሰደው?" ላሉኝ መልሴ አጭር ነው። አያስገድዱት። ወዶ ቢሄድ ይባረካል፣ አብረውት ይጠመቁ። እምቢ ካለ ጸበሉን ቤት ያምጡለትና ይተዉለት፤ ሲፈልግ ይጠጣል። ሲሄዱም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ልጅዎን ማንም እንዳያስረው፣ በመቁጠሪያም ሆነ በሌላ ነገር እንዳይመታው። "ለፈውስ ነው" ቢሉዎትም እሺ አይበሉ። "መድኃኒቱን ጣይ" የሚል አጥማቂ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም በስልክ እንዳይቀርጸው! ሰው ሲጮኽ፣ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ እየቀረጹ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሚለቁ አሉ። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይመለሳል፣ ሥራ ይቀጠራል፣ ያገባል። ቪዲዮው ግን እዚያው ይቆያል። ይህ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ አይፍቀዱ።

ለአባቱም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ "አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው" ይላል። ይህን የጻፈው ለአባቶች ነው። የልጅ ልብ እንደሚዝል ሐዋርያው ያውቅ ነበር። "ጥጋብ ነው" የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። "ምን ጎደለህ?" የሚለውም ይቅር፤ የጎደለውን ቢያውቀው ኖሮ በነገራችሁ ነበር። "የእገሌ ልጅ ይኸው..." የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፈተናውን ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ምን እንደሚፈራ እንይለት። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ልጆቹ በቃላቸው ያውቋቸዋል። እንዲህ ያለ ፈተና ፊት የቆመ ልጅ ቤት ሲገባ ሌላ ፈታኝ ሊጠብቀው አይገባም። አባቱ ራሱ "ማለፍህም መውደቅህም ልጄ መሆንህን አይቀይረውም" ይበለው። አንዴ አይበቃም፣ በተለያየ ቀን ይድገምለት።

እንዴት እናውራው ካሉኝ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ዓይን ለዓይን ሲገጥም ይዘጋል። ማታ ሽንኩርት ሲከትፉ "እስቲ ነጭ ሽንኩርቱን ላጥልኝ" ይበሉት። እጁ ሥራ ሲይዝ ምላሱ ይፈታል። አባቱም ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ይጥራው፤ አብረው ይሂዱ፣ ዝም ብለው ቢመለሱም ችግር የለም። ሲያወራ አይቁረጡት። መፍትሔ አይቸኩሉ። "ከባድ ነው፣ እንኳን ነገርከኝ" በቂ ነው። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ "ለምን ቀረህ?" ብለው አይግፉት። ከጓደኞቹ የሚቀርበውን አንዱን ቤት ይጥሩለት፣ ቡና ጠጥተው ይሂዱ። ከበሮው እስኪመለስ ይጠብቀዋል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት የሚያመሽ ከሆነ እንቅልፉን ይባስ ይወስደዋል። ነጥቃችሁ አትቆልፉበት። ከአራት ሰዓት በኋላ የሁላችሁም ስልክ ሳሎን ይደር፤ የእናንተም ጭምር።

እርስዎ ራስዎም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየነሱ ነው። ቢያንስ ለአንድ ሰው ሸክምዎን ያካፍሉ፤ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለዚያች የሥራ ባልደረባዎ። ቅን ሰው ትመስለኛለች። ለሰፈሩ ሁሉ ግን አይንገሩ፤ ምስጢሩ የልጁ ነው።

የቀረችው ትንሿ ናት። ልጆች ሲደበቅባቸው የባሰ ነገር ያስባሉ፤ አንዳንዴም "በእኔ ምክንያት ነው" ይላሉ። ስለዚህ በእሷ ቋንቋ ይንገሯት። "ወንድምሽ አሞታል። ሕመሙ የሚያሳዝነው ዓይነት ነው። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም። ሐኪም እንወስደዋለን፣ እንጸልይለታለንም" ይበሏት። ሆዴን አመመኝ ማለት ካበዛች፣ የተወችውን የሌሊት መሽናት እንደገና ከጀመረች ወይም ከእርስዎ አልለይ ካለች አይቆጧት፤ ጭንቀት በልጆች ላይ እንዲህ ነው የሚወጣው። ከሳምንታት በኋላም ካልተዋት ለወንድሟ ሐኪም ይንገሩት። ማታ ስትተኛ አሥር ደቂቃ ከእሷ ጋር ብቻ ይሁኑ። የምትጠይቅዎትን ሁሉ ይመልሱላት፤ የማያውቁትን "አላውቅም፣ ሐኪሙን እጠይቅልሻለሁ" ይበሏት። ጠይቀውም ይመልሱላት።