ስለ አሕሉ ሱናና አልሸባብ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ይኸው መልሱ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ትናንት ከዚራ ተቀምጠን ስለ ሱማሊያ ጥያቄ ሲበዛብኝ ነገ እጽፍላችኋለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ሱማሌ እናቴ የጀጎል ልጅ ስለሆነች ይሄን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት።

ጥያቄ፦ አቦ አሕሉ ሱናም አልሸባብም ሁለቱም ሱኒ አይደሉ እንዴ? ምን ያጋድላቸዋል?

መልስ፦ ናቸው። አሕሉ ሱና ወልጀማዓ የሚባሉት የጠሪቃ ማለት የሱፊ መንገድ ሰዎች ናቸው፣ ቃዲሪያ፣ ሷሊሂያ፣ አህመዲያ የሚባሉት ጠሪቃዎች፣ የነቢዩን ልደት መውሊድ የሚያወጡ፣ የአላህ ወዳጅ የሚባሉ ወሊዮችን ቀብር የሚዘይሩ፣ ልክ እንደኛ ሐረር። አልሸባብ ሰለፊ ነው፣ ይሄን ሽርክ ማለት በአላህ ላይ ማጋራት ነው ይላል። ግን ስማኝ፣ ሱማሊያ ውስጥ ይሄ ክርክር ድሮም ነበረ፣ ሰው እየተከራከረ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ዚያድ ባሬ በፈረንጆች 1991 (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) ወድቆ መንግስት የሚባል ሲጠፋ ነው ክርክሩ ጠመንጃ ያገኘው።

ጥያቄ፦ ሱፊዎቹ መቼ ነው መሳሪያ ያነሱት?

መልስ፦ 2008 መጨረሻ ላይ። የኛ ጦር 2006 መጨረሻ ገብቶ ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረውን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ህብረትን ሲበትን አልሸባብ ከዛ ውስጥ ወጥቶ ገነነ፣ ከዛ የሼኾችን ቀብር ማፍረስ ጀመረ፣ አፅም ቆፍሮ እስከማውጣት። የአያትህ ሼኽ ቀብር ሲቆፈር ዝም ትላለህ? አሕሉ ሱናዎች የመሀል ሱማሊያ ከተሞቹን ጉሪኤልንና ዱሳማሬብን ተዋግተው ያዙ። ጎሳቸውም ከጀርባ ነበር፣ ኢትዮጵያም ረድታቸዋለች፣ የተደበቀ ነገር አይደለም። መጋቢት 2010 ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ከያኔው የሱማሊያ ፕሬዚዳንት ከሼኽ ሸሪፍ መንግስት ጋር ስምምነት ተፈራረሙ፣ ሼኽ ሸሪፍ ራሱ የፍርድ ቤቶቹ መሪ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ የሱፊና የሰለፊ ጦርነት ነው?

መልስ፦ እሱ ብቻ ቢሆን ሂዝቡል ኢስላም የሚባለውን ሌላውን ታጣቂ ቡድን ምን ትለዋለህ? ሃሳቡ ከአልሸባብ ብዙም አይርቅም፣ 2009 ላይ ግን ኪስማዮ ላይ ተጨፋጨፉ፣ ኪስማዮ ወደብ ናት፣ ቀረጥ አለ። በኋላ ደግሞ 2010 መጨረሻ ሂዝቡል ኢስላም አልሸባብ ውስጥ ገባ። እኔ ሰው ሃይማኖት ሃይማኖት ሲለኝ መጀመሪያ ወደቡንና ኬላውን ማን ያዘው ብዬ ነው የምጠይቀው።

ጥያቄ፦ አሕሉ ሱና አሁንስ?

መልስ፦ ተዳክሟል። 2020 ዱሳማሬብ ላይ 2021 ጉሪኤል ላይ ከራሱ ከመንግስት ጦር ጋር ተዋጋ፣ የጉሪኤል ህዝብ ንብረቱን ጥሎ ወጣ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኛ ሐረር ውስጥ ያለን እንዲህ ያለ ነገር ያሰጋናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ከጠመንጃው በፊት ያለው ቃል ነው። እናቴ ወደ አው አባድር፣ ሐረር ወዳለው የወሊይ ቀብር፣ ስትሄድ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ደፉን ትስማለች፣ እጣን ይዛ ነው የምትሄደው። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ልጅ፣ እሷ እጅ ላይ በልቶ ያደገ፣ አንቺ ሙሽሪክ ነሽ፣ በአላህ ላይ ታጋሪያለሽ አላት። ቤት ገብታ እጣኑን ሳታስቀምጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጁን ወስጄ ሶስት ቀን አወራሁት፣ ሳልጮህበት፣ አራተኛው ቀን ላይ ራሱ መጥቶ እጇን ሳመ፣ ዚያራውን አሁንም አይቀበልም ግን ሙሽሪክ አይላትም፣ ሀሙስ ሀሙስ ስትወጣ እጣኑን ከሱቅ የሚገዛላት እሱ ነው።