ሥጋ ብቻ መብላት ስጀምር ብጉሬ ቀነሰ፤ ጀርባዬ ላይ የወጣው ሽፍታ ግን ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ዕድሜዬ 29 ነው። ለዓመታት የፊት ብጉር ሲያስቸግረኝ ኖሯል። ከ3 ወር በፊት ዳቦ፣ ስኳር፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ትቼ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ብቻ መብላት ጀመርኩ፤ ጉበትም በየቀኑ እበላለሁ። ብጉሩ በጣም ቀንሷል። ነገር ግን በ4ኛው ሳምንት ገደማ ጀርባዬና ደረቴ ላይ ክፉኛ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ወጣ። አሁን ደግሞ ከንፈሬ ይሰነጣጠቃል፤ እግሬ ላይም መርፌ የወጋው የሚመስል ቀያይ ነጠብጣብ አለ። በዚህ አመጋገብ የቆዩ ሰዎች “ሰውነትህ መርዝ እያስወጣ ነው፤ ታገስ” ይሉኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ በዚህ መልኩ አይቀጥሉ። ሰውነት መርዙን በቆዳ ሽፍታ አድርጎ አያስወጣም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። የጠቀሷቸው ሦስት ምልክቶች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ሳይኖሯቸው አይቀርም። ሦስቱም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው፤ ለዚህም ብጉሩ ወደነበረበት መመለስ የለበትም።

ከብጉሩ እንጀምር፤ ምክንያቱም ሥጋውን እንዳይለቁ የያዝዎት እሱ ነው። እንደ ስኳር፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ያሉ ፈጥነው የሚፈጩ ምግቦች ኢንሱሊንን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርጋሉ። ኢንሱሊን ሲጨምር አይ.ጂ.ኤፍ-1 የተባለው የእድገት ሆርሞን አጋዥም ይጨምራል። ሁለቱ ተባብረው የቆዳ ወዝ አመንጪ ዕጢዎች ብዙ ወዝ እንዲያመነጩ፣ የፀጉር ቀዳዳው አፍ ላይ ያሉ ሴሎችም ከልክ በላይ እንዲራቡ ያደርጋሉ። ቀዳዳው ይደፈናል፤ ባክቴሪያው ይራባል፤ ብጉር ይወጣል። ወተት፣ በተለይም ስቡ የወጣለት፣ እንዲሁም ከወተት የሚሠራው የስፖርተኞች የፕሮቲን ዱቄት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። እርስዎ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አቆሙ። ብጉርዎን ያረጋጋው ከገበታዎ የወጣው ነገር እንጂ የቀረው ሥጋ አይመስለኝም።

ይህን የሚደግፍ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ብጉር ያለባቸውን 43 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። የደም ስኳርን ቀስ ብሎ የሚያሳድግ ምግብ የተሰጣቸው ወጣቶች ብጉራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሰ። ልብ ይበሉ፤ ምግባቸው ከካርቦሃይድሬት ነፃ አልነበረም፤ ከሚያገኙት ጉልበት ወደ 45 በመቶው የታቀደው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ ዓይነቱ ብቻ ተመረጠ። ክብደትም ስለቀነሱ ለውጡን ሁሉ ለምግቡ ዓይነት ብቻ መስጠት አይቻልም። ሥጋን ብቻ መብላት ብጉር እንደሚያድን በንጽጽር ጥናት ያረጋገጠ የለም።

ሥጋ ለቆዳ የሚሰጠውን መካድ ግን ተገቢ አይደለም። 100 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ ከ5 ሚሊግራም ያላነሰ ዚንክ ሊይዝ ይችላል፤ አዋቂ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው 11 ሚሊግራም ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከእህልና ከአትክልቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ብረት ያነሰው ሰው ፀጉሩ ይረግፋል፤ የአፉ ዳርና ዳር ይሰነጠቃል፤ ሽፍታ ሳይኖርበት ሊያሳክከው ይችላል። ቢ12 ሲያንስ ደግሞ የጣት መገጣጠሚያዎች ቆዳ ሊጠቁር ይችላል። ይህን ለማግኘት ግን ሌላውን ምግብ ሁሉ ማባረር አያስፈልግም።

ወደ ጀርባዎ እንሂድ። ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ጉበት ከስብ ኬቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ በሚገኙ አንዳንድ ሰዎች ላይ ፕሩሪጎ ፒግመንቶሳ የተባለ ሽፍታ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1971 በጃፓን ነው። ቦታው የላይኛው ጀርባ፣ ደረትና አንገት ነው፤ በሁለቱም ጎን ይወጣል፤ ቀያይ ትናንሽ እብጠቶች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። ሲደርቅ ቡናማ መረብ ትቶ ያልፋል፤ ያ ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል። የእርስዎ የጊዜ ቅደም ተከተልም ሆነ ቦታው ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አለርጂ መስሎት የስቴሮይድ ቅባት ለሳምንታት ይቀባል። ቅባቱ ማሳከኩን ትንሽ ቢያስታግስ እንኳ ሽፍታውን አያቆመውም። ዋናው መድኃኒት ካርቦሃይድሬት መመለስ ነው፤ በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ማሳከኩም በአብዛኛው በቀናት ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ካልሆነ ሐኪም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ያዛል። ይህ መድኃኒት በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዋጡ በኋላ ለ30 ደቂቃ መተኛት አይገባም፤ ያለዚያ ጉሮሮ ያቆስላል። ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠልም ያደርጋል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮች መጣራት አለባቸው። ማሳከኩ ማታ የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶችዎ መሀልና በእጅ አንጓዎ ላይም ካለ፣ አብሮዎት የሚኖር ሰውም የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ዳርዳሩ የሚላላጥ ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ይጠረጠራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እግርዎ ላይ ያለው ነጠብጣብ ነው። ቀላል መፈተሻ አለ፦ ንጹሕ የብርጭቆ ጎን ነጠብጣቡ ላይ ጫን ያድርጉ። ቅላቱ ከጠፋ ደሙ በደም ሥር ውስጥ ነው ያለው፤ ካልጠፋ ወደ ቆዳ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው። ሁለተኛው ከሆነ የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሴሎች) ቁጥር ማነስና የደም ሥር ብግነት አብረው መታየት ስላለባቸው የደም ምርመራ ሳያደርጉ “የምግብ ነው” ብለው አይተዉት።

በእርስዎ ሁኔታ ግን የቫይታሚን ሲ እጥረት፣ ስከርቪ የሚባለው በሽታ፣ ከፊት ተሰልፏል። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ቆዳንና የደም ሥርን የሚያጠነክረው ኮላጅን በትክክል አይሠራም፤ ደቃቅ የደም ሥሮች ይሰበራሉ። ነጠብጣቡ በየፀጉሩ ሥር ዙሪያ ይሆናል፤ ቀዳዳዎቹ ይሻክራሉ፤ ፀጉሩ ራሱ እንደ ጠርሙስ ቡሽ መክፈቻ ይጠማዘዛል። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ ቁስል አይድንም። ሰውነት የሚያከማቸው ወደ 1500 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ምንም ካልተተካ ምልክቱ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ይመጣል። ከእርስዎ ሦስት ወር ጋር ያስተያዩት። በሽታውን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊግራም ይበቃል፤ የሚመከረው ግን ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ሚሊግራም ነው፤ አጫሽ 35 ይጨምርበታል።

“ሥጋ በይዎች ቫይታሚን ሲ አያስፈልጋቸውም” የሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 በኒውዮርክ የተጀመረውን ሙከራ ይጠቅሳሉ፤ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓመት ሥጋ ብቻ በልተው በዚህ በሽታ አልተያዙም። እውነት ነው። ነገር ግን የበሉት ትኩስ ሥጋና የሆድ ዕቃ ጭምር ነበር፤ ብዙውንም አብዝተው አላበሰሉትም። በደንብ በተጠበሰ ሥጋና በእንቁላል የሚኖር ሰው ያንን አያገኝም፤ እንቁላል ጨርሶ ቫይታሚን ሲ የለውም። ቫይታሚኑን ለማዳን ብሎ ጉበት በጥሬው መብላት ደግሞ ባክቴሪያና ጥገኛ ትል መጋበዝ ነው።

የቫይታሚን ሲ የደም ምርመራ በብዙ ቦታ አይገኝም፤ ሰሞኑን በተበላ ነገርም ቶሎ ይለወጣል። ስለዚህ የፕሌትሌት ውጤቱ ደህና ከሆነ ሐኪምዎ ቫይታሚኑን በቀን ከ300 እስከ 1000 ሚሊግራም ለአንድ ወር ሊሰጥዎትና ለውጡን ሊያይ ይችላል። ድካምና የድድ መድማት በጥቂት ቀናት፣ ነጠብጣቡ በ1 ወይም 2 ሳምንት መሻሻል ይጀምራል። የኩላሊት ጠጠር ኖሮብዎት የሚያውቅ ከሆነ ወይም ብረት በሰውነት የሚከማችበት በሽታ ካለብዎት ክኒኑን በራስዎ አይጀምሩ። ከምግብ ከሆነ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 70 ሚሊግራም፣ 100 ግራም ጥሬ ቃሪያ ወደ 80 ሚሊግራም ይሰጣል።

የከንፈርዎ መሰንጠቅ ምናልባት ከጉበቱ ይሆናል። 100 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት 9000 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ አለው፤ ለአዋቂ በቀን ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ 3000 ነው። ሲበዛ ከንፈርና ቆዳ ይደርቃል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ራስ ያማል፤ ሲቆይ ጉበትንና አጥንትን ይጎዳል። አሁኑኑ ያቁሙት፤ ከዚያም በሳምንት አንዴ ከ100 ግራም አይለፉ። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ሰው ጉበትም ሆነ የቫይታሚን ኤ ክኒን መውሰድ የለበትም፤ ነፍሰ ጡርም ጉበት መብላት የለባትም፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ቅቤና ቅባት የበዛበት ሥጋ ለ3 ወር ስለበሉ የኮሌስትሮልና የትራይግሊሰራይድ (የደም ቅባት) ምርመራ ጾመው ያድርጉ። ቆዳም ይህን ሊያሳይ ይችላል፦ በዓይን ሽፋን፣ በመዳፍ ወይም በክርን ላይ ቢጫ እብጠት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአንድ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ታሪኩ የታተመ ታማሚ ለ8 ወራት ያህል በሥጋ፣ በአይብና በቅቤ ሲኖር መዳፉና ክርኑ ላይ ቢጫ እብጠት ወጥቶበት ኮሌስትሮሉ ከ1000 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ተገኝቷል። ያልተለመደ ከፍታ ነው፤ ግን ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ኮሌስትሮሉ ብቻ የወጣበት ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ገበታዎን እንዲህ ያስተካክሉት። ስኳሩ፣ ነጭ ዳቦውና ወተቱ እንዳልነበሩ ይቆዩ፤ ብጉርዎን የጠቀመው ይህ ነው። በየቀኑ ሁለት ፍሬ ፍራፍሬ፣ በሁለት ማዕድ ላይ አትክልት፣ በተጨማሪም ምስር፣ ባቄላ ወይም አጃ ይጨምሩ። አንድ ትልቅ ኩባያ (200 ግራም ገደማ) የበሰለ ምስር ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ የደም ስኳርንም በዝግታ ነው የሚያሳድገው። ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ይበቃል፤ የቀረውን ፕሮቲን ከዓሣ፣ ከዶሮና ከእንቁላል ያግኙት። ቅቤውን በአትክልት ዘይት ይተኩ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ካርቦሃይድሬት ከመመለሱም ከመቀነሱም በፊት ከሐኪሙ ጋር መድኃኒቱን ማስተካከል አለበት።

ብጉሩ ትንሽ ትንሽ ቢመለስ ወደ ሥጋው አይሩጡ። ለቀላልና ለመካከለኛ ብጉር አዳፓሊን 0.1 በመቶ ማታ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ጠዋት መቀባት ከማንኛውም አመጋገብ የተሻለ ማስረጃ አለው። አዳፓሊኑ ለፊት ሁሉ የአተር ፍሬ ያህል ነው፤ ፊት ከታጠበና በደንብ ከደረቀ በኋላ ይቀባል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት አንድ ሌሊት እየዘለሉ ይጠቀሙ፤ በየቀኑ የጀመረ ሰው ፊቱ ይላጥና መድኃኒቱን ይጥለዋል። ከንፈርዎ ሳይድን ግን አይጀምሩት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና ትራስ ያነጣል፤ ነጭ ጨርቅ ይጠቀሙ። ብጉር ለዓይን ከመታየቱ በፊት ከቆዳ ሥር ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ምግብም ሆነ ቅባት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላው ሠራ ወይም አልሠራም አይባልም። ጠባሳ የሚተው ጥልቅ ብጉር ካለ ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

በተረፈ ነጠብጣቡ በፍጥነት ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ ከአፍንጫ ወይም ከድድ የሚወጣው ደም አልቆም ካለ፣ ሽንትዎ ከቀላ ወይም እግርዎ ካበጠ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለምርመራ ደም ከመስጠትዎ በፊት የጉበት መብላትዎን፣ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉና ምግቡን የጀመሩበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሽፍታው ሲጀምር ያነሱት ፎቶ ካለም ይዘው ይሂዱ፤ ያረጀው መረብ የትኩሱን ያህል በምርመራ አይለይም።