የአንባብያን ጥያቄዎች፦ በሥራ ቦታና በቤት ኪራይ አድልዎ ሲደርስብን

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለፈረቃ ኃላፊነት ባመለክት ሱፐርቫይዘሬ «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ አክሰንትሽ ግን ቤተሰቦችን ያስቸግራል» ብላ ቦታውን ከእኔ በኋላ ለገባች ሠራተኛ ሰጠችው። ወዲያው ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍል) በጽሑፍ ባመለክትም ሰባት ወር ሙሉ መልስ የለም። ታግሼ ልጠብቅ? ብከስስ ያባርሩኝ ይሆን?

መልስ፦ አይጠብቁ። ለኤችአር ማመልከትዎ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ቀነ ገደቡን አያቆምም። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን (ኢኢኦሲ) አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ እንደ ሜሪላንድ የራሱ ሕግና መሥሪያ ቤት ባለው ስቴት ግን 300 ቀን ይሆናል። ቆጠራው የሚጀምረው ቦታውን መከልከልዎ ከተነገርዎ ቀን ነው፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓላትም ይቆጠራሉ። እንግዲህ ሦስት ወር እንኳ አልቀረዎትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ በኢኢኦሲ ፖርታል ገብቶ መጠይቅ ይሞላና «ከስሻለሁ» ብሎ ይቀመጣል። መጠይቁ ገና አቤቱታ አይደለም። ቀጠሮ ይዘው፣ ከባለሙያው ጋር ተነጋግረው፣ የተዘጋጀውን «ቻርጅ» አንብበው ሲፈርሙ ነው አቤቱታ ቀረበ የሚባለው። 60 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ከቀረዎት ፖርታሉ የተለየ መመሪያ ይሰጥዎታል፤ ስልኩ 1-800-669-4000 ነው። ክፍያ የለውም።

አሠሪ አክሰንትን ምክንያት ማድረግ የሚችለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ሲሆን ብቻ ነው፤ አለዚያ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከነዋሪዎችና ከቤተሰቦች ጋር ሲነጋገሩ ኖረው ግምገማዎ ጥሩ ከሆነ፣ ከሱ የበለጠ ማስረጃ አይኖርዎትም። ሱፐርቫይዘሯ ያለችውን ቃል በቃል፣ ቀኑንና አጠገብ የነበረውን ሰው ዛሬውኑ ይጻፉ። በስልክዎ ሊቀዷት ግን አይሞክሩ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሌላው ወገን ሳይፈቅድ የግል ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። (ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶችዎ «ቅጃት» ቢሉዎት የእነሱ ሕግ ሌላ ነው።)

ስለ አቤቱታው ቢያባርሩዎት ወይም ሰዓት ቢቀንሱብዎት ይህ በቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ግን ወዲያው አሳውቀው ቻርጁ ላይ ያስጨምሩት፤ ያልተጻፈው ነገር ፍርድ ቤት ላይታይልዎት ይችላል። በመጨረሻ ኮሚሽኑ የሚልከው «የመክሰስ መብት» ደብዳቤ ሲደርስዎ ለፍርድ ቤት ያለዎት 90 ቀን ነው፤ አድራሻ ከቀየሩ ለኮሚሽኑ ይንገሩ። ኢኢኦሲ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚገባው አሠሪው ቢያንስ 15 ሠራተኞች ካሉት ነው።

ጥያቄ፦ ስለሚከራይ አፓርትመንት ስደውል «ክፍት ነው» አሉኝ፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች እንዳሉኝ ስናገር «ተይዟል» ሆነ። ማስታወቂያው እስካሁን አልወረደም።

መልስ፦ ከ18 ዓመት በታች ልጆች ያሉት ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1988 በተሻሻለው የፌዴራል የቤቶች ሕግ ይጠበቃል። አከራዮች ምክንያታዊ የሰው ብዛት ገደብ ማውጣት ይችላሉ፤ «ልጅ አንፈልግም» ማለት ግን አይችሉም። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያንሱ። ልጅ የሌለው ወዳጅዎ በዚያው ቀን ደውሎ «ክፍት ነው» ከተባለ፣ የጥሪውን ሰዓት ይጻፍልዎት። ዋሺንግተን ዲሲ የሚገኘው ኢኳል ራይትስ ሴንተር የተባለ የመብት ድርጅት ይህን በሠለጠኑ ሰዎች ይሠራል።

አቤቱታው ለቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (ሀድ) በ1-800-669-9777 በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀርባል፤ በቀጥታ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት ዓመት አለ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ ከአራት መኖሪያ ያልበለጠ ቤት ከሆነ አብዛኛው የሕጉ ክፍል አይመለከተውም፤ ያም ሆኖ ልጅ እንደማይፈልግ በማስታወቂያ መጻፍ አይፈቀድለትም። አፓርትመንቱ ገና ካልተከራየ ይህን ለሀድ በመጀመሪያው ጥሪ ይንገሩ፦ አስቸኳይ ሲሆን ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቱ ለሌላ እንዳይሰጥ መሥሪያ ቤቱ የፍርድ ቤት እግድ ማስጠየቅ ይችላል።